ውኃ የሚጠጣው እንግዳ

የጎንደር ቧንቧ ከደረቀ ሳምንታት ባለፉበት፣ ሰው ሁሉ ቢጫ ጄሪካን እየጎተተ ከሰፈር ሰፈር በሚዞርበት ሰሞን ውኃ የሚጠጣ ኮምፒውተር ማዘዝ ምን ዓይነት ትዝብት ላይ እንደሚጥል ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ አይገኝም። ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ትዝብቱንም አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ማንም አላዘዘውም።

ስሜ ሰናይት ነው። ያኔ ጨጨላ ሰፈር ከእናቴ ቤት፣ ለመንገዱ በሚቀርበው ክፍል ተቀምጬ ያልተሠሩ ሕንፃዎችን እሠራ ነበር። መሐንዲስ የነደፈውን ቤት በኮምፒውተር አቆመዋለሁ፤ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ፀሐይ አወጣበታለሁ። ባለቤቱ ገና አንድ ድንጋይ ሳያስፈልጥ በሩን ከፍቶ እንደገባ ሰው ሳሎኑን ያየዋል። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «የሌለ ቤት ታሳያለች» ትላለች። የሌለ ቤት የሚያሳየው ደግሞ አጭበርባሪ ደላላ ብቻ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ስሜ ለጥቂት ጊዜ ተበላሽቶ ነበር።

ሥራው እየከበደ ሲሄድ አሮጌው ላፕቶፔ አቃተው። ትንሽ ጫን ሲሉት ይግላል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ዳዊት ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «አርፈሽ ነይ፤ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አነጋግሬልሻለሁ፤ ደመወዝሽን እየበላሽ በሰው ኮምፒውተር ሥሪ» አለኝ። ልቤ አልፈቀደም። ጎንደር ላይ በራሴ እጅ ሠርቼ መኖር ነበር የምፈልገው። ግን መፈለግ ብቻውን ላፕቶፕ አያቀዘቅዝም።

በዚህ መሐል ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ካለች አንዲት የገጠር ደብር የሕንፃ ኮሚቴ መጣ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያናቸው አርጅቶ ስለፈረሰ አዲስ ሊሠሩ መሠረት ቆፍረዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአካባቢው ተወላጆች ከያሉበት ተጠርተው ገንዘብ ሊያዋጡ በድንኳን ይሰበሰባሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አያ መንገሻ፣ በእርሻም በንግድም ያረጁ፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ የተቀመጡ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ የኛ አገር ሰው ያላየውን አያምንም» አሉኝ። «ያየውንም ቢሆን አንድ ሌሊት አድሮበት ነው የሚያምን። ገብተን የምንወጣበት አድርገሽ አሳዪን።»

እንዲህ ያለ ሥራ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ይህ ከተሳካ ሌሎቹም ደብሮች፣ ሆቴሎቹም ይመጣሉ። ለእናቴና ለዳዊት ቃሌን ሰጠሁ፤ ይህን ፊልም ለዚያ እሑድ ካደረስሁ ጎንደር እቀራለሁ፤ ካላደረስሁ ክፍሉን ዘግቼ አዲስ አበባ እገባለሁ። ዳዊት «ይሁን» አለ። እናቴ ምንም አላለችም። እናቴን የሚያውቅ ሰው ዝም ስትል መጠንቀቅ ነበረበት፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርሁ።

ያጠራቀምሁትን ሁሉ ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር በትእዛዝ ለሚሠራ ሰው ደወልሁ። ቢንያም ይባላል። እንደ ነጋዴ አልተቀበለኝም። ልጁን ሊድር እንደተቀመጠ አባት መረመረኝ።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«የሕንፃ ፊልም።»

«በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሳይጠፋ ይሠራል?»

«ሦስት ቀን ከነሌሊቱ።»

«ቤቱ አቧራ አለው?»

«ጎንደር እኮ ነው።»

«አለው ማለት ነው። መብራት ይጠፋል?»

«አንተ የምትኖረው የት አገር ነው?»

አልሳቀም። «ድመት አለ?»

«የጎረቤት።»

«ትገባለች?»

«ሥጋ ካለ።»

ሊከለክለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እየተነተነ ያስረዳኝ ጀመር። ሌላው ኮምፒውተር ሙቀቱን በአየር ያስወጣል፤ የእሱ ግን እንደ መኪና ራዲያተር ነው። ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን በቱቦ እየገፋ ከሚግለው ክፍል ላይ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

«ፈሳሹ ምን ቀለም ይሁንልሽ?»

«ለውጥ አለው?»

«ለማሽኑ የለውም። ለባለቤቱ አለው።»

«ሰማያዊ።»

«ሸጋ ምርጫ ነው» አለ፤ ጎንደሬ መስሎ ለመቅረብ መሆኑ ነው።

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ኖሮ እናቴ ጄሪካኗን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ምኑ ነው ሰማያዊ?» አለችኝ።

«የኮምፒውተሩ ውኃ። ውስጡ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል።»

ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች። «እኛ ፊታችንን በጣሳ እየተካፈልን ስንታጠብ እሱ ውኃ ይጠጣል?»

ወሬው ከእኛ ቤት ለመውጣት ጊዜ አልወሰደበትም። ማታውኑ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ መጥተው ፊቴ ቁጭ አሉ። «እንግዳ ሊመጣብሽ ነው አሉ። ለመሆኑ በቀን ስንት ጄሪካን ይጨርሳል?»

«አንዴ ከሞላ ይበቃዋል እትዬ ጥሩ። እዚያው በዚያው ነው የሚዞረው።»

ትንሽ አሰቡበት። «እንዲህ ያለ ባል ነበር የሚፈለገው» አሉና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒውተሩ ስም በሰፈሩ «እንግዳው» ሆነ።

እንግዳው በሳጥን ታሽጎ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። መንገድ ላይ እንዳይፈስ ሆዱ ባዶ ነው፤ ሰማያዊው ፈሳሽ በሁለት ጠርሙስ ለብቻው ነው የተላከው። ጎኑ መስተዋት ስለሆነ አንጀቱ ሁሉ ይታያል። ቢንያም በቪዲዮ እያየኝ አሞላኝ። «ቀስ... አሁንም ቀስ... ሕፃን ወተት የምታጠጪ ይምሰልሽ» ይለኛል። ሰማያዊው በቱቦው ውስጥ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ከኋላዬ ቆማ የነበረችው እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሲነቅፈው የሰነበተ ልቧ ያን ጊዜ ተሸነፈ። ማታ ላይ ዓይን እንዳይበላው ነጠላዋን አልብሳው አገኘሁ።

ቢንያም ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «ውስጡ ያለው አየር ሲወጣ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ትንሽ ዝቅ ይላል። እንዳትደነግጪ። እስከ መስመሩ ጨምሪለት።» ድምፅ ማጉያው አሁንም ክፍት ነው። እናቴ ሐኪም እንደሚያዛት ሰው ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። እኔ የተረፈውን ጠርሙስ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት፤ የልብስ ማለስለሻ መስሏት እንዳትጠቀምበት ነው። በጥንቃቄዬ ኮርቼ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ረቡዕ ዕለት አያ መንገሻ ከደብሩ ቄስ ከአባ ወርቁ ጋር እንግዳውን ሊያዩ መጡ። አያ መንገሻ ከጀርባው በሚወጣው ሙቅ አየር እጃቸውን አሟሟቁ።

«ይኸን ለማብረድ ነው ይኸ ሁሉ ውኃ?» አሉኝ። «ምነው ታዲያ እኛ ዘንድ አታመጪው? የወገራ ብርድ በነጻ ነው።»

አባ ወርቁ ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተሞላ ጸበል አወጡ። ከደብሩ ሥር ከምትፈልቀው ምንጭ የተቀዳ ነው። «የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውና ተረጭቶ ይጀመር» አሉ። እኔ የታየኝ የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። «እሺ አባቴ፣ በኋላ ክፍሉን እረጨዋለሁ» ብዬ መስቀሉን ተሳለምሁና ፕላስቲኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት። እናቴ አንዴ ፕላስቲኩን፣ አንዴ እኔን አየች።

ሐሙስ ጠዋት ሥራውን አስጀመርሁት። ኮምፒውተሩ ፊልሙን ምስል በምስል እያሰላ ያወጣል፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ ይጨርሳል። ምንም ትርፍ ጊዜ የለኝም። ለእሑድ የሚሆን ፕሮጀክተር ለመከራየት ወደ ፒያሳ ወጣሁ፤ አንዱ ሱቅ ወደ ሌላው እየመራኝ እስከ ከሰዓት ዋልሁ። ስመለስ እናቴ እንግዳው ፊት ወንበር ስባ፣ እጇን አጣምራ፣ ፊቷ በርቶ ተቀምጣለች።

«ደህና ዋለ?» አልኋት።

«ደህና ነው። ጎድሎበት አልዋለም።»

ይህችን መልስ ዛሬ ሳስባት ምን ያህል ግልጽ እንደነበረች ይገርመኛል። ያኔ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት የፓምፑ ድምፅ ተለውጦ ቀሰቀሰኝ። እየታነቀ እንደሚያጉረመርም ሰው ይላል። ነጠላውን ስገልጠው ሰማያዊው ፈሳሽ ሰማያዊ አይደለም። አመድ የነካው እጣቢ መስሏል። የሙቀቱ ቁጥር እየወጣ፣ ሥራው እየተንቀራፈፈ ነው። ለቢንያም በቪዲዮ ደውዬ አሳየሁት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ «ምን ሰጠሽው?» አለኝ።

«የላክህልኝን።»

«ሰናይት፣ እኔ የላክሁልሽ እንዲህ አይሆንም።»

እናቴ ጠላ ልትጠምቅ እንደተነሳች ሁሉ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና ከኋላዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እንደምን አደርህ ልጄ። አንተ ነህ የሠራኸው? እጅህ ይባረክ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። እማማ፣ እዚህ ማሽን ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?»

«ክፉ ነገር አልጨመርሁም።»

«ምን ጨመሩ?»

«ጎድሎ አገኘሁት። እስከ መስመሩ ሙሉት ብለህ የለ? በከተማው ውኃ የለም። በጄሪካን የምናመጣውን ደግሞ አንተ ራስህ አትወድለትም ብዬ...» ወደ መደርደሪያው አየች። «ጸበል።»

ቢንያም ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጸበል ብቻ?» አለ።

«ትንሽ እምነት አለበት። ከቤት የነበረኝን።»

ለማያውቅ ልንገር፤ እምነት የምንለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ የታመመ ሰው የሚቀባው፣ ደቀቅ ያለ የተባረከ አመድ ነው። ከጸበል ጋር ሲበጠበጥ ለሆድ ቁርጠት ያገለግላል። እናቴ ለእንግዳው ምን ያህል እንደሰጠችው አላውቅም፤ እጇ ለጋስ ነው።

«አጥፊው» አለኝ ቢንያም። «አሁኑኑ አጥፊው።»

አጠፋሁት። ክፍሉ ጭጭ ሲል በቆምሁበት አለቀስሁ። ቢንያም ስልኩ ላይ ሆኖ ሰማኝ። «የእኔ ማሽን ቆሞ አያውቅም» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። «የከሰዓቱ አውሮፕላን ላይ ቦታ ካገኘሁ እመጣለሁ።»

አገኘ። በድምፁ ስገምተው ቦርጫም፣ ጎልማሳ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ከባጃጁ የወረደው ግን ከሲታ፣ ሻንጣው ከእሱ የሚከብድ ወጣት ነው። የመስተዋቱን ጎን ፈቶ፣ ከሚግለው ክፍል ላይ ያለችውን፣ ፈሳሹ የሚያልፍባትን መዳብ ከፍቶ አሳየኝ። ከፀጉር የቀጠኑት መስመሮች በአመድ ተደፍነዋል። በጥርስ ብሩሽ አንዷን ነካ አደረገና ተነፈሰ። «በሰባት ዓመት ሥራዬ ቡና አይቻለሁ፤ በረሮ አይቻለሁ» አለ። ሌላውን አልጨረሰውም።

ፈሳሹን ሁሉ በንጹሕ ሳህን ቀዳውና ወደ ጓሮ ፍሳሹ ሊደፋው ተነሳ። እናቴ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ወዴት?»

«ልደፋው ነው እማማ።»

«ጸበል አይደፋም። ሰው ይረግጠዋል።»

ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ደፊ እንጂ ረጋጭ አይደለሁም ብሎ እንደማይከራከር ከፊቱ ያስታውቃል። ክርስቲያን ነው፤ እናትም አለችው።

«ታዲያ ምን እናድርገው?»

«ይጠጣል» አለች እናቴ፤ ሳህኑን ልትቀበለው እጇን ሰነዘረች።

ቢንያም ሳህኑን ከራሱ በላይ አነሳው። «እማማ፣ ኬሚካል አለበት። ይገድላል።»

«ጸበል ያለበት ይገድላል?»

«ጸበሉ አይገድልም። የእኔው ነው የሚገድለው።»

ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ ስላየሁ ለአባ ወርቁ ደወልሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት የቀረበላቸው አይመስለኝም። ቆይተው «በንጹሕ ዕቃ አኑሩት፤ እሑድ ይዛችሁት ኑ» አሉ። ቢንያም በጠርሙስ ሞላውና በትልልቅ ፊደል «አይጠጣም» ብሎ ለጠፈበት። እናቴ ከሥሩ መስቀል ጨመረችበት።

እራት ላይ የጾም ሽሮ ስታቀርብለት ንዴቷ በርዶ ነበር። እንዲያውም ሌላ ነገር እያሰበች ነው። «ልጄ፣ ወላጆችህ የየት አገር ናቸው? ታጭተሃል?» ቢንያም በኩራት ስልኩን አውጥቶ ሚስቱንና መንታ ሴት ልጆቹን አሳያት። እናቴ ፎቶውን አየችና ስልኩን መለሰችለት። «ምነው ቀደም ብለህ ብትናገር» አለችው፤ ሁለተኛውን ጭልፋ ሽሮ ግን አልጨመረችለትም።

ቢንያም ወደ ሥራው ሲመለስ ከእናቴ ጋር ጓሮ ቀረን። ቀኑን ሙሉ የያዝሁት ንዴት ያን ጊዜ ገነፈለ።

«እማዬ፣ በገዛ እጅሽ አዲስ አበባ ሰደድሽኝ። ቢያንስ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ለማሽን ጸበል ምን ያደርግለታል?»

ሳህኖቹን መደርደሯን አላቆመችም። «ለማሽኑ መሰለሽ?»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ከሠራ ትቀሪያለሽ፤ ካልሠራ ትሄጃለሽ አልሽ። አንቺ ያለሽን ሁሉ ከፈልሽበት። ያ ልጅ ዕውቀቱን ከፈለበት። እኔ ደግሞ ምን አለኝ? የምጨምርበት ያ ነው ያለኝ።»

ዳዊት ሲሄድ እንኳን አላለቀሰችም። ያንን ሁሉ ሳምንት የሰፈር መሳቂያ የሆነብኝን እንግዳ ነጠላ እያለበሰች ስታስተኛ እኔ ለኮምፒውተር የምታዝን ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ነው ስትጸልይ የከረመችው፤ እኔ አላየኋትም። እጇን ይዤ ሳምኋት። «ሳህኑን ትሰብሪያለሽ» ብላ አስለቀቀችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቢንያም አዲስ ችግር ይዞ ጠበቀኝ። ውስጡን አጥቦ ለማጥራት ምንም ማዕድን የሌለበት ውኃ፣ ያውም ብዙ፣ ይፈልጋል። የያዘው አልበቃውም። በከተማው የቧንቧው እንኳን የለም። «ጋራዥ የሚሸጥ የባትሪ ውኃ ካገኘሽ ይሆናል» አለኝ። በባጃጅ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ጓሮ ሆነው የባትሪ ውኃ ስንል የሰሙት እትዬ ጥሩም ሾፌር ልጃቸውን አሰማርተው ኖሮ እቅፍ ሙሉ ጠርሙስ ይዘው መጡ። «እንግዳው በቀን ስንት ይጨርሳል ብዬ ስጠይቅ አንዴ ይበቃዋል ብለሽኝ ነበር» አሉኝ ጠርሙሶቹን እየቆጠሩ። ጠርሙሶቹን ተቀብዬ ወደ ውስጥ ሮጥሁ።

እኩለ ቀን ላይ እንግዳው እንደገና ተነሳ። ሰማያዊው እንደ ቀድሞው ዞረ፤ የፓምፑ ማጉረምረም ጠፋ። ግን አንድ ሙሉ ቀን ተበልቶብናል። የቀረውን ባሰላው ባሰላው እስከ እሑድ ጠዋት አይደርስም። በጣም ጊዜ የሚፈጀው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተከልሁት ሣር፣ ዛፍና ከኋላ ያለው ተራራ ነው። ያንን ሁሉ ለሳምንታት እየተጨነቅሁ ነው የሠራሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ከፊልሙ ሰረዝሁትና ሥራውን ከመጀመሪያው አስጀመርሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ በነጭ ባዶ ውስጥ ቀረ። እሑድ ማለዳ ፊልሙን በፍላሽ ይዘን፣ እናቴ ጠርሙሷን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ፣ ቢንያምም የማሽኑን ፍሬ ሳያይ ላለመመለስ ምሎ አብረን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተጓዝን።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ጄነሬተሩ ተነሳ፤ ነጩ አቡጀዲ ላይ ፊልሙ መጣ። ከነጭ ባዶ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ አለ። መሬት የለው፣ ሣር የለው፤ በምንም ላይ ያልቆመ ጉልላት ብቻ። እኔ በኀፍረት ጭንቅላቴን ቀበርሁ። «ተራራውስ የት ሄደ?» የሚል ሰው እየጠበቅሁ ነው። ፊልሙ በሩን አልፎ ገባ፤ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱን ዞረ፤ በመስኮቶቹ ብርሃን ገባ። ድንኳኑ ውስጥ የሚስል ሰው እንኳን ጠፋ።

ከኋላዬ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ «ሰማይ ላይ ያለችውን ነው ያሳየን» ሲሉ ሰማሁ። ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ መንገሻ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ምድሪቱን ሆን ብለሽ ነው የተውሻት?» አሉኝ። ቢንያም ያየኛል፤ እናቴ ታየኛለች። «የምድሩን እናንተው ታውቁታላችሁ ብዬ ነው አያ» አልኋቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን ያለ አንድ የሣር ቅጠል ተመሰገንሁ።

ሰዉ ሲበተን አባ ወርቁ ወደ ተቆፈረው መሠረት ወሰዱን። «ከመሠረቱ ይግባ፤ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ማንም አይረግጠውም» አሉ። እናቴ ጠርሙሱን ከፍታ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ ሕፃን ወተት እንደሚያጠጡት። ከአመዱ ጠልሎ ሰማያዊው እንደገና ጎልቶ ይታያል።

አያ መንገሻ ጎንበስ ብለው አዩ። «ምነው ሰማያዊ ሆነ?»

አባ ወርቁ እኔን አዩኝ፤ እኔ ቢንያምን አየሁት፤ ቢንያም እናቴን።

«ሠርቶ፣ ደክሞ ነው አያ» አለች እናቴ።

«እውነትሽን ነው» አሉ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዛሬ ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ቆሟል። እኔም እዚያው ጨጨላ፣ ለመንገዱ በሚቀርበው ክፍል ነኝ። ዳዊት ደመወዜ ምን ያህል ይሆን እንደነበር አሁንም አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል። እናንተስ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ በሥራችሁ ላይ ሰው እጁን ሲያስገባ «አልገባውም» ብላችሁ የተቆጣችሁ? እኔ የዚያን ሰሞን የማሽኑን ነገር ለእናቴ ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። አንቺስ ምን ፈራሽ ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ ያ ሁሉ የባትሪ ውኃ ባልፈሰሰ ነበር። ፊልሙም ሣር ይኖረው ነበር፤ የሚያምር ሣር ነበር እኮ።

ቢንያም ከዚያ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ደንበኞች አፍርቷል። አንዱ በቅርቡ እየሳቀ እንደነገረኝ አሁንም ሰውን እንደ አማች ነው የሚመረምረው። አቧራ አለ? መብራት ይጠፋል? ድመት ትገባለች? በመጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሯል። «እናት ቤት ውስጥ አሉ?» «አሉ» ላለው ደንበኛ ማሽኑ አናት ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ ይገጥምለታል። ከየትኛውም ቱቦ ጋር አልተያያዘችም። የመጀመሪያዋን የገጠመው ለእኔ ነው።

እናቴ ከምንም ጋር እንዳልተያያዘች ታውቃለች፤ ራሴ አሳይቻታለሁ። እንዲያም ሆኖ አዲስ አበባ ለሁለት ቀን ሥራ አለኝ ባልሁ ማግስት ብልቃጧን በጸበል እስከ አፏ ሞልታ አገኛታለሁ።